20 ፐርሰንት ያለኝ አፕ እና ቫርኒሽ የቀባሁት ጠረጴዛ

እሺ ስለ አንድ የአየር ትንበያ አፕ ልጽፍ ነው፣ ስሙን ግን አልጠራውም፣ ለምን ብትሉ እናንተ ስልክ ላይ ያለውም ቀለሙና ስሙ ይለያል እንጂ የሚቀዳው ከዚያው ጉድጓድ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ። ሶስት ሳምንት ሙሉ በቀን ምናልባት አስር ጊዜ እየከፈትኩ ነው የሞከርኩት፣ ያውም ሰማዩ ባበደበት ሰሞን። ሰመር ሊያልቅ ሲል ያለችውን ጊዜ ታውቋት የለ፣ ሰመር ልበላት እንጂ በጋ እንዳልላት ዶፍ አለ፣ ክረምት እንዳልላት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ እኩለ ቀን ላይ ወበቅ፣ ከሰዓት ደመናው እንደ ግንብ ይቆለልና ማታ መብረቅና ነጎድጓድ፣ በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ። ትንበያ የሚፈተነው እንዲህ ባለ ሰሞን ነው እንጂ ወሩን ሙሉ ፀሐይ በሆነበት ነገም ፀሐይ ነው ማለትማ እኔም አያቅተኝም።

መጀመሪያ ጉዴን ልንገራችሁ። የእንጨት ጠረጴዛ አለኝ፣ አሮጌ ግን ደህና እንጨት፣ ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ውዬ በሶስተኛው ቀን ቫርኒሽ ልቀባው ውጪ አወጣሁት። ጠዋት አፑን ከፈትኩ። ከሰዓት 9 ሰዓት 20 ፐርሰንት፣ 10 ሰዓት 20 ፐርሰንት፣ 11 ሰዓት 15፣ ከጎኑ ግማሽ ፀሐይ ግማሽ ደመና የሆነች ምስል። ሃያ ማለት ሰማንያው አይዘንብም ማለት አይደል፣ ብዬ ቀባሁ። የመጀመሪያው ቅብ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ጣት ሲነካው ገና ያዝ እያደረገ፣ አንድ ቀዝቃዛ ንፋስ መጣ። ሙቀቱ በአንዴ ነው የጠፋው፣ የሆነ ሰው ፍሪጅ የከፈተ ነው የሚመስለው። ቀና ስል ከጣሪያው ጀርባ ሰማዩ ጠቁሯል። ጠረጴዛውን ብቻዬን ላነሳው አልቻልኩም፣ ላስቲክ ፍለጋ ስሮጥ ትልልቅ ጠብታ ጀመረ፣ ከዛ ዶፉ፣ ከዛ በረዶ። አስራ አምስት ደቂቃም አልቆየ። ሲያባራ ሄጄ ባየው እያንዳንዷ የበረዶ ፍሬ ያረፈችበት ቦታ ነጭ ነጥብ ቀርቷል፣ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት በሉት። አፑን ብከፍተው አሁንም ግማሽ ፀሐይ ግማሽ ደመና፣ 20 ፐርሰንት።

በንዴት አንድ ኮከብ ሰጥቼ ላጠፋው ነበር። ከዛ እንደው ጣቴ ወደታች ሲስበው የቀኑን ጠቅላላ አየሁት፣ 60 ፐርሰንት ይላል። እንዴ! በሰዓት 20 በቀን 60 እንዴት ይሆናል? ትንሽ ሳነብ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ፐርሰንቷ የምትለው በዚያ ቦታ፣ በተባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሊለካ የሚችል ዝናብ የመውረዱ ዕድል ስንት ነው የሚለውን ብቻ ነው። አፑ ዛሬ ሳይዘንብ እንደማያልፍ ጠርጥሯል፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው ያላወቀው፣ ስለዚህ ጥርጣሬውን በየሰዓቱ በተነው። እኔ ደግሞ የተበተነችዋን አይቼ ትልቋን ሳላይ ቀረሁ። ሌላው እኔም ብዙ ሰውም የምንሳሳትባት ነገር፣ 20 ፐርሰንት ማለት ቀለል ያለ ዝናብ ማለት አይደለም፣ የቀኑን አንድ አምስተኛ ይዘንባል ማለትም አይደለም። በአሜሪካው የአየር ትንበያ መስሪያ ቤት አቆጣጠር 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ከወረደ ዘነበ ይባላል፣ ለፐርሰንቷ ካፊያውም ዶፉም በረዶውም አንድ ናቸው። እንግዲህ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፣ ግማሹ ግን ይሄን ሁሉ ቁጥር ያለ አንዲት መስመር ማብራሪያ የደረደረው ሰውዬ ነው። የቀኑ ቁጥር መጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት፣ እነሱ እዛ ላይ ያስቀመጡት የምትሽከረከር ፀሐይ ነው።

አሁን ስለ ጉድጓዱ። አፑ ከላይ የሰፈሬን ስም ይጽፋል፣ ሎኬሽን ካበራሁለት እስከ መንገዴ ድረስ ይወርዳል፣ እና ሰው ሲያየው ለኔ ቤት ብቻ የተሰራ ትንበያ ይመስለዋል። እንዲህ አይነት አፖች ብዙዎቹ መነሻቸው ትልልቆቹ የዓለም ሞዴሎች ናቸው፣ ሞዴል ስል የነገውን አየር በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም ማለቴ ነው። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ዋናው ሞዴል ምድርን ወደ 9 ኪሎሜትር በሚሰፋ ጥልፍ ነው የሚከፋፍላት፣ ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካው ሞዴል ደግሞ ወደ 13። 9 በ9 ስታባዙት 81 ካሬ ኪሎሜትር ነው፣ ያ ሁሉ ቦታ ለሞዴሉ አንድ ነጥብ ነው። የሰመር ነጎድጓድ ደመና ደግሞ አንዱ ብቻውን ሲሆን ከዚያ ጥልፍ ሊያንስ ይችላል፣ ተወልዶ ዘንቦ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ለዓሣ በተሰራ መረብ ትንኝ ማጥመድ በሉት። ጠባብ ጥልፍ ያላቸው የአካባቢ ሞዴሎችም አሉ፣ 3 ኪሎሜትርም ከዛ በታችም፣ እነሱ ደመናውን ራሱን መሳል ይችላሉ፣ ግን ትክክለኛ የሚመስል ደመና ስለው ቦታውን በሃያ ኪሎሜትር ሊስቱት ይችላሉ። መንገዱ ማዶ ጎርፍ ሲሄድ እዚህ አቧራ የሚነሳበት ቀን እኮ አለ፣ በእነዚህ ሶስት ሳምንታት ሁለቴ አይቻለሁ።

"ከ2 ደቂቃ በፊት ታድሷል" የምትለዋን ጽሑፍ ደግሞ አትመኗት። የታደሰው ስልካችሁ ነው እንጂ ትንበያው አይደለም። ትልልቆቹ ሞዴሎች በቀን አራት ጊዜ፣ በየ6 ሰዓቱ ነው ስሌት የሚጀምሩት፣ ተሰልተው እስኪወጡም ሰዓታት ይፈጃሉ፣ ስለዚህ ከሰዓት ላይ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ እያደረጋችሁ የምታዩት የጠዋቱን ሰማይ ይዞ የተሰላ ሊሆን ይችላል። እኔ ያን ቀን ስንቴ እንደነካኩት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ለምን ግን በዚህ ሰሞን እንዲህ ይብሳል ያልን እንደሆነ፣ መሬቱም ባህሩም ወሩን ሙሉ ሲሞቅ ከርሟል፣ የሞቀ አየር ደግሞ በያንዳንዷ ዲግሪ 7 ፐርሰንት ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፣ ከላይ ቀዝቃዛው አየር ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል፣ ከታች ሞቃትና እርጥብ ከላይ ቀዝቃዛ ሲሆን ታችኛው ሽቅብ ይወነጨፋል። የተጣደ ውሃ እንደሚፈላ ታውቃላችሁ፣ የመጀመሪያዋ አረፋ ከድስቱ የት ጋ እንደምትነሳ ግን ማንም አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የሚባለው ሳይንቲስት የኮምፒውተር ስሌቱን ከመሃል ሊያስቀጥል ብሎ 0.506127 የነበረውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባና ለቡና ወጣ አለ፣ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፈጽሞ ሌላ አየር ሰርቶ ጠበቀው። ያቺ የቁጥር ጭራ ናት ጠረጴዛዬን ያበላሸችው ማለት ነው፣ በግምት።

ለዚህ ነው ማዕከሎቹ አንዴ ብቻ የማያሰሉት፣ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየነካኩ ደጋግመው ያሰሉታል፣ የአውሮፓው 51 ጊዜ። 51ዱ አይዘንብም ብለው ከተስማሙ ልባችሁን ጥላችሁ ልብስ ታሰጣላችሁ፣ ከተበታተኑ ሞዴሉ ራሱ ግራ ገብቶታል። ይሄ አፕ ግን ያንን መበታተን በነጻው ቨርዥን አያሳይም፣ የሚከፈልበት ላይ ነው በግራፍ ያስቀመጠው። በእውነት ከሁሉም በላይ የናደደኝ እሱ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም የምትለዋን ቃል ሸጠዋታል። የአንድ ወር ከፈልኩና አየሁት፣ ግራፉ አሪፍ ነው፣ ማስታወቂያውም ጠፋልኝ፣ የመብረቅ ካርታም መጣ። "በኤአይ የተደገፈ" የሚል ምልክትም ተጨመረልኝ። ኤአዩን አልንቀውም፣ የአውሮፓው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 የራሱን የኤአይ ሞዴል በመደበኛነት ስራ ላይ አውሏል፣ ለቀናት የሚሆን ትንበያ ላይም ጎበዝ ነው፣ ግን ያኔ የወጣው ጥልፉ 28 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። ለኔ ግቢ ዶፍ ምን ይጨምርልኛል?

አሁን ወደሚመሰገነው። አፑ ውስጥ ያለው የራዳር ካርታ። ወይኔ ራዳሩን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ! ራዳር ትንበያ አይደለም፣ አሁን ሰማይ ላይ ያለውን ውሃ ነው የሚያየው፣ ለዚህም ነው ከሌላው ገጽ ሁሉ የሚሻለው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን 11 ሰዓት አካባቢ ልጄ ኳስ ሜዳ ነው፣ የሰዓት ትንበያው እንደልማዱ 20 እና 25 እያለ ነው፣ ራዳሩን ስከፍተው ግን 20 ኪሎሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ቀይ መስመር ተሰልፏል። ወደኋላ መልሼ አጫወትኩት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 20 ኪሎሜትር ያህል ተጉዟል፣ ያው በሰዓት 40 ማለት ነው። ምስሉ ደግሞ የ10 ደቂቃ አሮጌ ነው፣ ከስር በትንንሹ ተጽፏል፣ በዚያች 10 ደቂቃ 7 ኪሎሜትር ገደማ ቀርቧል፣ ስለዚህ የቀረን 20 ደቂቃ ነው። ደወልኩ።

"ኮች፣ 20 ደቂቃ ነው ያላችሁ፣ ልጆቹን አስገባቸው።"

"ኧረ ወንድሜ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው!"

"እመነኝ፣ መጣሁ።"

ስደርስ ያ ፍሪጅ የተከፈተ የሚመስለው ንፋስ ጀምሯል፣ አሁን ገብቶኛል ምን እንደሆነ፣ ከደመናው ጋር ወደታች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት መትቶ ሲበተን ከዝናቡ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። የመኪናውን በር ስንዘጋ ጣሪያው ላይ ጠጠር የተደፋ መሰለ። ኮች በማግስቱ አፑ ምን ይባላል ብሎኛል።

ራዳሩም ግን ጉድለት አለው። ጨረሩ በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ስለሚሄድ ከጣቢያው ርቆ ያለ ቦታ ላይ ከታች ያለውን ዝናብ አልፎት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ካርታው ላይ ይዘንባል እናንተ ጋ ደረቅ ነው፣ ውሃው መሬት ሳይደርስ መንገድ ላይ ተንኖ ቀርቷል። አፑ "ቀጣዩ 1 ሰዓት" ብሎ የሚያሳያችሁ ፊልም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለውን ደመና ወደፊት መግፋት ነው፣ ገና ያልተወለደውን አያውቅም። አንድ ማታ "ለ60 ደቂቃ ዝናብ የለም" ባለኝ በ25 ደቂቃው አናቴ ላይ አዲስ ደመና ፈንድቶ ልብሱን ሁሉ አበሰበሰብኝ። አንድ ሰዓቱን ለዝናብ መስመር እመነው፣ እዚህም እዚያም ለሚፈነዳው ደመና ግን ግማሹን ብቻ።

ኖቲፊኬሽኑ ላይ ተቀይሜ ነበር፣ ሁሌ ከረጠብኩ በኋላ ነው የሚመጣው፣ በኋላ ሳየው ግን ስልኬ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን ከጀርባ እያስተኛው ነበር። ሴቲንግ ገብታችሁ ከባትሪ ቁጠባው አውጡት፣ እኔ ጋ ከዛ ወዲህ የመብረቁ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ እየመጣ ነው። ለመብረቅ ግን አፕ ባይኖርም ጆሮ አለ፣ ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ቁጠሩ፣ 3 ሰከንድ 1 ኪሎሜትር ነው፣ 30 ካልሞላ ቤት ግቡ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም።

እማዬ ስትደውል እናንተ ጋ እየዘነበ ነው እንዴ ብትለኝ ቆይ አፑን ልየው አልኳት፣ "ልጄ፣ መስኮት የላችሁም እንዴ?" አለችኝ። እሷ እኮ ጠዋት ደመናው ቶሎ ሽቅብ ማደግ ከጀመረ ልብስ አታሰጣም፣ በቃ።

ኮከብ? ለራዳሩ አምስት፣ ለቀኑ ፐርሰንት አራት፣ በየሰዓቱ ለሚደረደሩት ምስሎች በዚህ ሰሞን አንድ፣ አማካዩን እናንተ አውጡት። ለሚቀጥሉት ሁለት ሶስት ቀናት ጠቅላላ ሁኔታ ግን አላሳፈረኝም፣ ማዕበል ያለበትን ቀንና የሌለበትን ቀን ለይቶ ነግሮኛል። የሚከፈልበትን ልግዛ ወይ ላላችሁኝ፣ ማዕበሉ ባለበት ወር ብቻ ክፈሉና አቁሙ፣ አውቶማቲክ እድሳቱን ማጥፋት እንዳትረሱ፣ ማጥፊያዋን አራተኛ ገጽ ላይ ነው የደበቋት።

ለደንበኛ አገልግሎታቸውም ጽፌ ነበር፣ የቀኑን ፐርሰንት ወደላይ አምጡት፣ ሞዴሉ ስሌት የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ ብዬ የጠረጴዛውን ፎቶ ጭምር አያይዤ ላኩላቸው። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ እባክዎ ሎኬሽንዎ መብራቱን ያረጋግጡ ይላል።

በርቷል።