አዳማ ላይ ሲም የምታወጡ ዲያስፖራዎች፣ ከሱቅ አትግዙ

መጀመሪያ ለሚቸኩል ሰው ልናገር። ከውጭ መጥታችሁ አዳማ ላይ ሲም የምታወጡ ከሆነ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ የቴሌ ወይም የሳፋሪኮም ቅርንጫፍ ሂዱ። «ሲም አለ፣ ወረፋ የለም» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሱቅ አትግዙ። የቸኮለ እዚህ ድረስ አንብቦ ይሂድ። ጊዜ ያለው ደግሞ የደረሰብኝን ይስማ፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ሰርግ። ቦሌ አየር ማረፊያ ውስጥ የሁለቱም ኩባንያዎች መሸጫ አለ፤ ግን የደረስኩት ሌሊት ነው። ውጪ ቤተሰቡ በሙሉ አበባ ይዞ እየጠበቀ ማን ሲም ብሎ ይቆማል? ሻንጣ ተጭኖ፣ ተለቅሶ፣ ተስቆ፣ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ገባን። ሲሙ ለነገ ተባለ።

የጀርመኑ ሲሜ እዚህ ምንም አይረባኝም። አውሮፓ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ የሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያ ስለቀረ፣ ፓሪስም ሂጂ ሮም እንደ ቤትሽ ነው የምትደውዪው። ያ ሕግ ግን ኢትዮጵያ ድረስ አይመጣም። ስልኬን ስከፍት «እንኳን ደህና መጣሽ» ከሚለው መልእክት ሥር የሜጋባይቱ ዋጋ ተጽፎ መጣ። አንድ የእስክስታ ቪዲዮ ብልክ የወር የቤት ኪራዬ መሄዱ ነው። ወዲያው ዳታ ሮሚንጉን ዘጋሁት። ሲሙን ግን ከስልኩ አላወጣሁትም፤ የባንኬ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሱ ነው። እናንተም እንዳታወጡት። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ የውጩ ለኮድ፣ የአገር ቤቱ ለሌላው ሁሉ ይሁን። ዋትስአፕና ቴሌግራምም በድሮው ቁጥር እንደሆኑ ይቀጥላሉ።

አሁን ወደ ጉዱ።

በማግስቱ ጠዋት ፍራንኮ አካባቢ ወረድኩ። ቅርንጫፉ የት እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ የሞባይል ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ ሰማኝ። «ዲያስፖራ ነሽ አይደል እህቴ? እዚያ እንዳትለፊ፣ ዛሬ ሲስተም የለም። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው ያለው» አለኝ። ሲስተም የለም የሚለውን ቃል እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያምናል። እኔም አመንኩ። ውሸቱን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ የዚያን ቀን ጠዋት የእህቴ ልጅ እዚያው ቅርንጫፍ ገብቶ የጠፋ ሲሙን አስተክቶ ወጥቷል።

ልጁ መስታወቱን ከፍቶ፣ ከቻርጀርና ከስልክ ልባስ መሃል፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ሲም አወጣ። ሲሙ ከፕላስቲክ ካርዱ ቀድሞ ተነቅሏል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተጽፏል። «ፓስፖርቴንስ አታይም?» አልኩት። «እሱን እኛ ጨርሰነዋል። በስምሽ ማዞሩ ማታ ሲስተም ሲመለስ በራሱ ይሆናል» አለኝ፤ በሙሉ አፉ፣ ዓይኔን እያየ። ለሲሙ 800 ብር። «ያልተገደበ ወርሃዊ ኢንተርኔት» ላለው ጥቅል ደግሞ ለብቻው። በኋላ ቅርንጫፍ ከከፈልኩት ጋር ሳስተያየው የሲሙ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ጥቅሉንስ ብትሉ? ቤት ሄጄ *804# ብዬ ቀሪ ሂሳቤን ሳይ፣ ያልተገደበ የተባለው ጥቂት ጊጋ ሆኖ ተገኘ። እሱም ለሳምንት።

ይሄ ሁሉ የብር ነገር ነው፤ ይታለፋል። የሚብሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ማታ ቡና እየተፈላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ሄሎ» ከማለቴ፣ «አንተ ሌባ! ስልክህን ዘግተህ የት ገባህ?» የሚል የጎልማሳ ድምፅ። ተሳስተዋል ጋሼ አልኩ። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ አንቺ ሚስቱ ነሽ?» አለኝ። ለካስ ሲሙ በፊት የሌላ ሰው ነበር። ሰውዬው የጤፍ ዱቤ አለበት። ባለ ጤፉ ደግሞ ስልኩ በመከፈቱ ደስ ብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ ይደውላል። አንድ ቀን ከፀጉር ቤት ካስክ ሥር ሆኜ ስለማላየው ጤፍ ስከራከር፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «እህቴ፣ ክፈይውና ተገላገይ» አለችኝ።

ከሁሉ የባሰው ቴሌብር፣ የቴሌው የሞባይል ገንዘብ፣ ነው። የድንኳን አከራዩ ቀብዱን በቴሌብር ካልሆነ አልቀበልም አለ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ሊልክልኝ ቁጥሬን ሲያስገባ፣ ስልኩ ላይ የአንድ ወንድ ሙሉ ስም ከነአባቱ መጣለት። ደወለ። «አንቺ፣ ሳትነግሪን አገባሽ እንዴ?» እኔ ለራሴ ልከፍት ስሞክር ደግሞ ቁጥሩ አካውንት አለው፣ የይለፍ ቁጥር አስገቢ ይለኛል። የማንን የይለፍ ቁጥር? የባለ ዕዳውን! የሰውዬውን ስም እዚህ አልጠራም፤ እሱም ሲሙ እንደተሸጠ አያውቅ ይሆናል።

ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ የለም፤ ሌላ ልጅ አለ። «ነገ ነይ።» ነገ ሄድኩ። «ባለቤቱ ወንጂ ሄዷል።» ደግሞ ሄድኩ። በመጨረሻ የመጀመሪያው ልጅ ተገኘና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ውይ እህቴ፣ ለዚች ብር ነው? ስንት ዩሮ መሆኗ ነው?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር። ይቺ «ለአንቺ ምን አላት» የምትባል ነገር መቼ ነው የምትቀረው? ዩሮው ዛፍ ላይ አይበቅልም። ጠዋት በጨለማ ተነስቼ፣ በበረዶ ባቡር ጠብቄ ያመጣሁት ነው። ይሄንን ሰርግ ለማየት ፈቃዴን አጠራቅሜ ነው የመጣሁት። ጀርመኖች ብዙ የሚያናድድ ነገር አላቸው፤ ሲም ከሱፐርማርኬት ገዝተሽ፣ እስኪከፈት ድረስ ፓስፖርትሽን ካሜራ ፊት እያገላበጥሽ «ትንሽ ቀና አድርጊው፣ አሁን ስምሽን በይ» ስትባዪ ትውያለሽ። ሁለት ሺህ ጊዜ ተሳድቤበታለሁ። ግን ሲሙ የራሴ ነው። የማንም ጤፍ የለበትም።

የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ በቃ ቅርንጫፍ ልውሰድሽ» አለኝና በባጃጅ ሄድን። ሲስተም አለ! ቁጥር ወስጄ ተቀመጥኩ፤ ወረፋው ፍራንክፈርት የውጭ ዜጎች ቢሮ ካለው በስንት ጣዕሙ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን ተቀበለች፣ ስካን አደረገች፣ ፎቶ አነሳችኝ፣ አስፈረመችኝ። ከዚያ የሱቁን ሲም አሳየኋት። ቁጥሩን አስገብታ ኮምፒውተሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ፣ ይሄ በሰው ስም ነው፤ ልናዞርልዎ አንችልም፤ ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት» አለችኝ። ቀስ ብላም አስረዳችኝ፦ ባለ ስሙ ነገ መጥቶ ሲሜ ጠፋ ቢል ምትክ ይሰጠዋል፤ እኔ እጅ ያለው እዚያው ይሞታል። ውስጡ ያለ ብርም የሱ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ መስመር የማደርገው ሁሉ በሱ ስም ይመዘገባል። ለሁለታችንም አደጋ ነው። አዲስ ሲም አወጣችልኝ፤ ቴሌብሩንም እዚያው በስሜ ከፈተችልኝ። ስሟን ሳልጠይቃት መውጣቴ ይቆጨኛል፤ እንዲህ የምታስረዳ ሠራተኛ ፍራንክፈርትም ብዙ አላየሁ።

እና በስማችሁ ያልወጣ ሲም እንዳትቀበሉ። ዘመድ «የኔን ያዢ» ቢላችሁም ለአንድ ሁለት ቀን ካልሆነ አይሆንም። ድሮ ሌላ ነበር። እኔ ስወጣ ሲም ማግኘት ራሱ ወግ ነበር፤ ለእረፍት የሚመጣ ሰው ሲም ይከራይ ነበር፣ እንደ ሰርግ ልብስ። ያኔ ያለው ቴሌ ብቻ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2022፣ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለት ምርጫ አለ፦ በ09 የሚጀምረው የቴሌ፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም።

የቱ ይሻላል ለምትሉኝ፣ የእህቴ ልጆች ሁለቱንም ይዘዋል፤ 09ን ለስልክና ለቴሌብር፣ 07ን ለኢንተርኔት። ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ ሰው አንድ በቂ ነው። እኔ የቴሌውን የመረጥኩት በቴሌብር ምክንያት ነው። አዳማ ላይ ከባጃጅ በስተቀር ሁሉም ነገር በሱ ሆኗል ማለት ይቻላል። ነዳጅ እንኳ በፈረንጆቹ ከ2023 ጀምሮ በዲጂታል ነው የሚከፈለው። ሶደሬ ልንሄድ መኪና ተከራይተን ማደያ ስንገባ ጥሬ ብር ዘርግቼ ቆምኩ፤ ቀጂው እንደ ጥንት ሰው አየኝ።

ኔትወርኩ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ከተማው ውስጥ ፎርጂው ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ያስደውላል፤ ጀርመን ባቡር ላይ ካለው ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ይደክማል። ጥቅል ሳትገዙ ዳታ እንዳትከፍቱ፤ ዋናውን ሂሳብ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። *999# ብላችሁ ዕለታዊ፣ ሳምንታዊ፣ ወርሃዊ እያላችሁ ራሳችሁ ምረጡ። ማንም «ልሙላልሽ» ብሎ ስልካችሁን እንዳይወስድ። የማታውቁት አጭር ቁጥር «ኦኬ ብለሽ ላኪ» ካላችሁም ዝም በሉት፤ በየቀኑ ብር የሚቆርጥ አገልግሎት ይሆናል።

ከአሜሪካ ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለሰርጉ መጣችና ሲም ልታስገባ ቀዳዳ ስትፈልግ ዋለች። የለውም! አሜሪካ የሚሸጠው አይፎን ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ ኢሲም፣ ማለትም ካርድ የሌለው ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ይሰጣል፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሠራው ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሰው ልካችሁ አስጠይቁ። በኮንትራት የተገዛ ስልክም ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት አስከፍቱት። እሷ ከኢንተርኔት ላይ የመንገደኛ ኢሲም ገዝታ መጥታ ነበር። ውድ ነው፣ ዳታ ብቻ ነው፣ የ09 ቁጥር የለውም። ቴሌብር አይከፍትም፤ አክስቶቻችንም ሊደውሉላት አይችሉም። መቼም ዋትስአፕ ጫኑ አይባሉም።

ብሬን? አልተመለሰልኝም። የእህቴን ልጅ ይዤ የመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ልጁ ትንሽ አፈረና ሦስት የሞባይል ካርድ አውጥቶ «በቃ በዚህ እንታረቅ» አለኝ። ወሰድኳቸው። አንዷን ፍቄ ሞላሁና በአዲሱ ስልኬ ባለ ጤፉ ጋ ደወልኩ። ሰውየው ያለበትን እንደማላውቅ፣ ሲሙ ግን ከየት ሱቅ እንደተገዛ በደንብ እንደማውቅ ነገርኩት። «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ከመብራቱ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር ያለው አልኩት።