ለማይለቅ የጂፕሰም ስንጥቅ የወረቀት ቴፕ፦ ተጠቅሜበት ያየሁት

ጂፕሰም ቦርድ ግድግዳችሁ ላይ በተደፈነ ቁጥር እዛው መስመር ላይ ተመልሶ ሚሰነጠቅ ነገር ካለ ጥፋቱን ስቱኮው (መድፈኛው) ላይ አታድርጉት። ወይ ከስሩ ቴፕ የለም፣ ወይ የነበረው ቴፕ ለቋል፣ ወይ ደግሞ ቦርዱ ራሱ ከኋላው ከያዘው የእንጨት ወይ የብረት ፍሬም ጋር በደንብ አልታሰረም። አሁን አስተያየት ምሰጥበት ነገር የወረቀት ቴፑ ነው፣ ያ ነጩ ጥቅል፣ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው መሀሉ ላይ የመታጠፊያ መስመር የወጣለት። አብሬው የተጠቀምኩት በውሃ ተበጥብጦ ራሱ ሚጠነክረውን ዱቄት ስቱኮ ስለሆነ ስለሱም አወራለሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

የኔ ስንጥቅ ከመኝታ ቤት በር ከላይኛው ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ኮርኒሱ ሚሄድ ነበር። ቀለም ቀቢ ደፍኖት፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ እዛው ላይ ፀጉር መስሎ ይመለሳል። በካተር ከፍቼ ሳየው ከስሩ የፋይበር መረብ ቴፕ ነበረ፣ ግን ጣት ሲነካው እየተላጠ ሚመጣ፣ ላዩ ላይ ያለውም በባልዲ ተበጥብጦ ሚሸጠው ስቱኮ ነው። ነገሩ እዛ ላይ ገባኝ።

ጂፕሰም ቦርድ ማለት በሁለት ወረቀት መሀል ያለ ጀሶ ነው፣ እና ሲጎተት እንዳይሰበር ሚያደርገው ባብዛኛው ወረቀቱ ነው። ሁለት ቦርድ ሚገናኙበት ጋ ወረቀቱ ይቋረጣል። ስለዚህ እዛ መስመር ላይ መጎተቱን ሚሸከመው ቴፑ ብቻ ነው ማለት ነው፣ ስቱኮ ሲጫኑት ይችላል ሲጎትቱት ግን ወዲያው ይከፈታል። ቤት ደግሞ ይንቀሳቀሳል፣ የእንጨት ፍሬም እርጥበት ሲበዛ ያብጣል ሲደርቅ ይጠባል፣ በር በሀይል ሲዘጋ ግድግዳው ይነቀነቃል፣ እና ይሄ ሁሉ ጉልበት ሚጠራቀመው በርና መስኮት ጥግ ላይ ነው። ሲሰራ ቦርዱ በበሩ ጥግ ዙሪያ ተቆርጦ መገጣጠሚያው ከጥጉ ራቅ ቢል ኖሮ ይሄ ስንጥቅ ባልመጣ ነበር፣ ግን ብዙ ቦታ መገጣጠሚያው ልክ ጥጉ ላይ ይወድቃል።

የመረብ ቴፕን ማጥላላት አልፈልግም፣ ራሱ ስለሚለጠፍ ለስራ በጣም ቀላል ነው፣ ለትንሽ ቀዳዳም ጥሩ ነው። ችግሩ ክሩ ከወረቀት ይልቅ ትንሽ ይለጠጣል፣ እና የመጀመሪያው ንብብር ሚጠነክረው ዱቄት ካልሆነ መገጣጠሚያው ደካማ ይሆናል። በባልዲ ሚሸጠው ውሃው ሲተን ነው ሚደርቀው፣ ሲደርቅም ይጠባል። ዱቄቱ ግን ከውሃ ጋር ኬሚካላዊ ለውጥ አድርጎ ነው ሚጠነክረው፣ መጥበቡ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥንካሬውም አይወዳደርም። የወረቀት ቴፕ በሁለቱም ይሰራል፣ እኔ ግን ተመላላሽ ስንጥቅ ስለሆነ ዱቄቱን መረጥኩ።

እንዴት እንደሰራሁት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቴፑ ብቻውን ተአምር አይሰራም። መጀመሪያ የላላውን ስቱኮና አሮጌውን ቴፕ በሙሉ አንስቼ ስንጥቁን በካተር ትንሽ ሰፋ አርጌ ከፈትኩት። ከዛ ሁሉም ሰው ሚዘለው ነገር፣ ቦርዱን በእጅ ገፋ ገፋ አርጎ ማየት። የኔ ይነቃነቅ ነበር። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ፍሬሙን ፈልጌ በየ20 ሳንቲሜትሩ ገደማ የጂፕሰም ብሎን መታሁበት፣ የብሎኑ ራስ ከወረቀቱ ትንሽ ይግባ እንጂ ወረቀቱን እንዳይበሳው፣ ከበሳው ያ ብሎን ምንም አልያዘም ማለት ነው። ለ12.5 ሚሊሜትር ቦርድ ብረት ፍሬም ላይ 25 ሚሊሜትር፣ እንጨት ላይ ደግሞ 32 ወይ 35 ይበቃል፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለው ለብረት ሰፋ ያለው ለእንጨት። ይሄን ሳታደርጉ የአለምን ቴፕ ብትለጥፉበት ተመልሶ ይመጣል።

ስንጥቁን ሞልቼ፣ ስስ የስቱኮ አልጋ አንጥፌ፣ ቴፑን የመታጠፊያው ጉብታ ወደ ግድግዳ እንዲሆን አርጌ ለጠፍኩት። በስፓቱላ ከመሀል ወደ ጫፍ እየጫናችሁ ትርፉን ታስወጣላችሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታድርቁት፣ ከስሩ ስቱኮ ካልቀረ አየር ይይዝና ሲደርቅ ያብጣል። ግማሽ ኮከቡን የቀነስኩት እዚህ ጋ ነው፣ ይሄ ቴፕ የራሱ ማጣበቂያ የለውም፣ ጣሪያ አካባቢ ሲሰራ ይንሸራተታል፣ ለማያውቅ ሰው ትግስት ይጠይቃል። ቴፑን ቀድሞ በውሃ ትንሽ ማርጠብ በጣም ይረዳል።

ከሱ በላይ ሁለት ስስ ንብብር፣ አንዱ 20 ሳንቲሜትር አካባቢ ሁለተኛው 30 ድረስ እየሰፋ፣ እንዲህ ካልሰፋ መብራት በጎን ሲመታው ጉብታው ይታያል። ዱቄቱ ከረጢት ላይ 20፣ 45 ወይ 90 ሚል ቁጥር አለ፣ ሚጠነክርበት ደቂቃ ነው፣ እጃችሁ ፈጣን ካልሆነ 20ውን አትንኩት። ደሞ መበጥበጫው ላይ ያለፈው ቅሪት ካለ አዲሱን ቶሎ ያጠነክረዋል፣ ስለዚህ እቃውን በየመሀሉ እጠቡ፣ የታጠበበትን ውሃ ግን ሲንክ ውስጥ አትድፉ ቱቦ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። የመጨረሻውን ንብብር በባልዲው ስቱኮ ብትሰሩት ለመሞረድ ይቀላል፣ ዱቄቱ አንዴ ከጠነከረ የብርጭቆ ወረቀት ያደክማል። ከሞረዳችሁ በኋላ ፕራይመር (ከቀለም በፊት ሚቀባውን መነሻ ቅብ) ሳትቀቡ ቀለም አትቀቡ፣ ስቱኮው ቀለሙን ይመጠውና መስመሩ ይለያል።

አቧራው ቀልድ አይደለም፣ ማስክ ግድ ነው፣ በእርጥብ ስፖንጅ መሞረድ ከተቻለ ደግሞ በጣም ይሻላል። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ነካ ከማድረጋችሁ በፊት አስመርምሩት፣ ድሮ ስቱኮ ውስጥ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ ሚጎዳ ማዕድን) ይጨመር ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳን ለመድፈኛ ስቱኮ የተከለከለው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው።

የኔ ግድግዳ ክረምትም በጋም አልፎበታል፣ ባትሪ በጎን እያበራሁ ፈልጌ መስመሩ የለም፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ይሄ ግን ለሁሉም ስንጥቅ አይሆንም። ስንጥቁ እርሳስ ሚያስገባ ያህል ከሰፋ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ወጣ ካለ፣ በርና መስኮት አልዘጋ ማለት ከጀመረ እሱ የመሰረት ወይ የፍሬም ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል መሀንዲስ ይየው። ከተጠራጠራችሁ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አርጋችሁ ቀን ፃፉበትና እያደገ መሆኑን እዩ።

ጂፕሰሙ ከብሎኬት ወይ ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር ሚገናኝበት መስመር ላይም ይሄን ቴፕ አትግዙለት፣ ሁለቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ይቀደዳል፣ እዛ ጋ ቀለም ሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ ነው ሚያዋጣው፣ ሲሊኮን ከሆነ ቀለም አይዝም።