የዩኤስጂኤስ የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ፦ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን እንደተከፈተ አይታመንም

የመሬት መንቀጥቀጥና የቴክቶኒክ ፕሌት (የምድርን ቅርፊት የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ ግዙፍ ዓለቶች) ድንበር ያላቸውን ዝምድና በዓይን ለማየት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ (ዩኤስጂኤስ) በነፃ የሚያቀርበውን ካርታ የሚተካከል ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ሲከፈት የሚያሳየው ነው፦ ያለፈው 1 ቀን፣ መጠኑ 2.5 እና ከዚያ በላይ። በዚህ እይታ አላስካና ካሊፎርኒያ በነጥብ ተጨናንቀው የቀረው ዓለም ጭር ይላል። እዚያ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያው ብዙ ስለሆነ ትንንሹም ይመዘገባል፤ ከሌላው ዓለም የሚገባው ግን በአብዛኛው ከ4 በላይ የሆነው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ 30 ቀንና 4.5 መምረጥ፣ የፕሌት ድንበሮቹንም ማብራት ያስፈልጋል። ያኔ ነጥቦቹ በፓስፊክ ዙሪያ፣ በኢንዶኔዥያና በአትላንቲክ መሃል መስመሩን ይዘው ይሰለፋሉ።

ትልቁ ጉድለት ቀለሙ ላይ ነው። ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ የሚለው መቼ እንደተከሰተ እንጂ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አይደለም። የድንበሩን ዓይነት የሚያጋልጠው ደግሞ ጥልቀቱ ነው። ፕሌቶች በሚለያዩበት ወይም ጎን ለጎን በሚተሻሹበት ቦታ መንቀጥቀጡ ከላይ ከላይ ነው። አንዱ ከሌላው ሥር በሚሰምጥበት ግን መስመጡ ከሚጀምርበት የውቅያኖስ ወለል ጥልቅ ሸለቆ ፕሌቱ ወደሚሰምጥበት አቅጣጫ በተራቀ ቁጥር እየጠለቀ ይሄዳል፤ ቶንጋና ፊጂ አካባቢ 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መፍትሔው በጥልቀት የተቀለመውን የኬኤምኤል (የካርታ መረጃ የሚይዝ) ፋይል አውርዶ በጉግል ኧርዝ መክፈት ነው።

«10 ኪ.ሜ» የሚል ጥልቀት ሲደጋገም እንደ ልኬት አይወሰድ። በቅርብ ጣቢያ ጠፍቶ ጥልቀቱን ማስላት ሲያቅት ብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ቁጥር ነው።

ነጥቡም ራሱ ያሳስታል፤ የሚያመለክተው ስብራቱ የጀመረበትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክን የመታው 7.8 በካርታው ላይ አንድ ክብ ነው፤ የተሰነጠቀው ግን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

የፕሌት ድንበሩን መስመርም ቢሆን እንደ ወሰን ድንጋይ ማየት አይገባም። ሕንድ እስያን በምትገፋበት በቲቤት መንቀጥቀጡ ከመስመሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዘልቆ ይበተናል።

ዜና ሁሉ «በሬክተር ስኬል» ቢልም ካርታው ለትልልቆቹ የሚጠቀመው የሞመንት መጠንን (ከተሰነጠቀው ስፋትና ከተንሸራተተው ርቀት የሚሰላ መለኪያ) ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከኮምፒውተር በቀጥታ ስለሚወጣ በሰዓታት ውስጥ ሊሻሻል ይችላል፤ ከመጥቀስ በፊት ባለሙያ ያየው መሆን አለመሆኑን ዝርዝሩ ውስጥ መመልከት ይበጃል።