ድሮፐር ሲትፖስት ከወራት በኋላ፦ የወደድኩለት፣ ያናደደኝ፣ ሳትለኩ እንዳትገዙት

በቀጥታ ልግባ፣ ማውንቴን ባይኬ ላይ ከቀየርኳቸው ነገሮች ሁሉ አነዳዴን በእውነት የለወጠው ድሮፐሩ፣ ማለትም ከፍ ዝቅ የሚለው የኮርቻ ቱቦ ነው። የፊት ሾኩም አይደለም፣ ባለ 12 ማርሹም አይደለም። አዲስ ሲሆን ማንኛውም ነገር ያምራል፣ ስለዚ ጭቃውንም አቧራውንም ዝናቡንም አብረን እንይና ከዛ እጽፋለሁ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። ብራንዱን አልጠራም፣ ምክንያቱም የማወራው አብዛኛው ነገር በካቦ ለሚሰራ ድሮፐር ሁሉ ያው ነው። የኔ ውፍረቱ 31.6 ሚሊሜትር ነው፣ 150 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ካቦው በፍሬሙ ውስጥ ያልፋል፣ ሌቨሩ (የሚጫኑት መቆጣጠሪያ) ደሞ መሪው ስር በግራ አውራ ጣት በኩል፣ ድሮ የፊት ማርሽ መቀየሪያ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ለማያውቀው፣ ድሮፐር ማለት እየነዳችሁ ኮርቻውን ዝቅ ከፍ የምታደርጉበት የኮርቻ ቱቦ ነው። ሌቨሩን ተጭናችሁ ስትቀመጡበት ይወርዳል፣ ስትለቁት እዛው ይቆማል፣ ከኮርቻው ተነስታችሁ ስትጫኑት ውስጡ ያለው የታመቀ አየር ገፍቶ ይመልሰዋል። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጆ ብሪዝ እና ጆሽ ኤንጀል ሀይት ራይት የሚባል ስፕሪንግ ሰርተው ነበር፣ የኮርቻውን ማጥበቂያ በእጅ ፈታ አድርገህ በክብደትህ ትጫነዋለህ፣ ስትነሳለት ስፕሪንጉ ከፍ ያደርገዋል። አሁን ያለው ነገር የዛ የልጅ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮማ ሮክሾክስ የሚባለው ኩባንያ ካቦ የሌለው በባትሪ የሚሰራ ሪቨርብ አክሰስ (AXS) አውጥቷል፣ ጥሩ ነው ይባላል፣ እኔ ግን ቻርጅ የሚደረግ ነገር ባይኬ ላይ መጨመር አልፈልግም።

ልዩነቱ የሚገባችሁ ቁልቁለት ላይ ነው። ኮርቻው ለፔዳል በሚመች ከፍታ ላይ እንዳለ ገደላማ መንገድ ስትወርዱ መቀመጫችሁን ስለሚገፋችሁ ያላችሁ ምርጫ ከኮርቻው ኋላ መውጣት ብቻ ነው፣ እጃችሁ ይዘረጋል፣ ኋላችሁ ጎማውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ችግሩ ደሞ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር የፊት ጎማው ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ ክብደት ካጣ መሬቱን አይነክስም፣ ካልነከሰ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል፣ ዋናው የማቆም ጉልበት ያለው የፊት ፍሬን ላይ ስለሆነ ፍሬናችሁም አብሮ ይደክማል። ማለትም ፈርታችሁ ወደ ኋላ ስትሸሹ አደጋውን እየጨመራችሁት ነው። ኮርቻው ሲወርድ ግን ወደ ኋላ መሸሽ ሳያስፈልግ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ዝቅ ትላላችሁ፣ ጉልበትና ክርን ይታጠፋል፣ ክብደታችሁ ፔዳሉ ላይ ይሆናል፣ የፊት ጎማውም ስራውን ይሰራል። ባይኩ ከስራችሁ ግራና ቀኝ ሲያጋድል የሚያግደው ነገር የለም፣ ኩርባ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ያልጠበቅኩት ዳገት ላይ ያገኘሁት ጥቅም ነው። ድንጋይና ስር የበዛበት ዳገት ላይ ኮርቻውን ሁለት ሶስት ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ማድረግ ሰውነትን ወደ ፊት ወደ ኋላ ለማንቀሳቀስ ቦታ ይሰጣል፣ ድንጋዩን ካለፍኩ በኋላ አንዴ ጫን፣ ወደ ሙሉ ከፍታው ተመለሰ። ከመግዛቴ በፊት ሰው ሁሉ ስለቁልቁለት ብቻ ነበር የሚነግረኝ፣ እኔ አሁን ከሁሉም በላይ የምጠቀምበት ከፍና ዝቅ በሚል መንገድ ላይ ነው፣ አውራ ጣቴ ሳላስበው ነው የሚሄደው።

«ይሄ የቁልቁለት እብዶች እቃ ነው» ለሚል ሰው ደሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሎቬኒያዊው ሳይክል ተወዳዳሪ ማቴይ ሞሆሪች የጣሊያኑን የሚላን ሳን ሬሞ ውድድር ያሸነፈው የአስፋልት ሳይክሉ ላይ ድሮፐር ገጥሞ ነው፣ ፖጂዮ የሚባለውን የውድድሩን የመጨረሻ ዳገት ሲወርድ ተፎካካሪዎቹን አምልጧቸው እስከ መጨረሻው አልያዙትም። ክብደት ይጨምራል ወይ ካላችሁ አዎ ይጨምራል፣ ከተራው ቱቦ ጋር ሲነጻጸር ብዙዎቹ ከ300 ግራም በላይ ይከብዳሉ። እኔ ዳገት ላይ አልተሰማኝም፣ ከሰዓት ጋር ለሚወዳደር ሰው ሊሰማው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ልኬት። ድሮፐር የገዙ ሰዎች ከሚያማርሩት ውስጥ ብዙው እቃው ስለተበላሸ ሳይሆን ስለማይገባላቸው ነው። መጀመሪያ ውፍረት፣ በብዛት ያሉት 27.2፣ 30.9፣ 31.6 እና 34.9 ናቸው፣ የናንተው ነባሩ ቱቦ ላይ ታች ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ኮርቻችሁን በለመዳችሁት ሙሉ ከፍታ ላይ አድርጉና ከፍሬሙ ማጥበቂያ ጫፍ እስከ ኮርቻው ብረት ሀዲድ ድረስ ለኩ። ለምሳሌ 190 ሚሊሜትር ሆነ እንበል፣ የድሮፐሩ አንገትና ራስ ለብቻቸው 50 የሚወስዱ ከሆነ የሚቀራችሁ 140 ነው፣ ስለዚ 150 አይሆናችሁም፣ ሲወጣ ኮርቻው ከልካችሁ በላይ ይሆንና እግራችሁ ፔዳል አይደርስም፣ 125 ትወስዳላችሁ ማለት ነው። ሶስተኛው ሰው የሚረሳው ነው፣ ድሮፐር ከስር ረጅም ነው፣ ፍሬማችሁ ውስጥ ደሞ ቱቦው የሚታጠፍበት ወይ የውሃ መያዣ ቡሎን ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ሊኖር ይችላል፣ እስከየት ድረስ እንደሚገባ ቀጭን እንጨት ሰዳችሁ እዩት። አንዳንዶቹ ድሮፐሮች ውስጣቸው ፕላስቲክ ማሳጠሪያ እየተጨመረ አወራረዳቸውን መቀነስ ይቻላል፣ በልኬት መሀል ለወደቀ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ያናደደኝ ነገር አለ፣ ካቦው። የኔው ድሮፐር የካቦው ጭንቅላት (ጫፉ ላይ ያለችው ወፍራም ብረት) ሌቨሩ ላይ ሆኖ ማሰሪያው ቡሎን ከቱቦው ስር ነው፣ ስለዚ ካቦ ለመቀየር ቱቦውን ሙሉ ለሙሉ አውጥታችሁ፣ ርዝመቱን በግምት ቆርጣችሁ፣ መልሳችሁ ከታችሁ፣ ካልሆነ እንደገና አውጥታችሁ፣ ኧረ ስንቱን። ጭንቅላቱ ታች፣ ማሰሪያው ሌቨሩ ላይ የሆነውን ካገኛችሁ ያለ ምንም ጥያቄ እሱን ውሰዱ፣ ማስታወቂያ ላይ ማንም አይጽፈውም ግን ከቀለሙም ከስሙም ይበልጣል። ሌላው ካቦው መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ላላ ይላል፣ ያኔ ሌቨሩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ግማሽ ዙር ማዞር በቂ ነው።

አንድ ሰሞን ደሞ ኮርቻው ሲወጣ ቀርፋፋ ሆነብኝ፣ መጨረሻው ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ካርትሬጁ (ውስጡ ሆኖ ኮርቻውን የሚያወጣው አየርና ዘይት የያዘው ክፍል) አለቀ ብዬ ከመደምደሜ በፊት የፍሬሙን ማጥበቂያ ፈታ አደረግኩት፣ ችግሩ ወዲያው ጠፋ። ድሮፐር ሲጨመቅ ውስጡ ያለው ቱቦ እንደልቡ አይንሸራተትም፣ ስለዚ ማጥበቂያው ላይ የተጻፈውን የኒውተን ሜትር ቁጥር በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን መጠን በሚለካ መፍቻ) ጠብቁ። በዛ ጥብቀት ቱቦው ወደ ታች የሚንሸራተትባችሁ ከሆነ አስር ጊዜ ከማጥበቅ የካርቦን ፔስት ቀቡበት፣ አሸዋ አሸዋ የሚለው ነገር ይዞ ያቆመዋል።

ኮርቻውን በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱት አፍንጫው ትንሽ ግራ ቀኝ ይላል፣ አዲስ እያለም ነበር አሁን ትንሽ ጨምሯል። ይሄ ያለ ነው፣ እየነዳችሁ አይሰማችሁም። ውስጥ እንዳይዞር የሚይዙት ትናንሽ የነሀስ ፒኖች ናቸው፣ ሲበሉ በትንሹ ወፍራም በሆነ መጠን ይቀየራሉ።

ጥገናው ከምትፈሩት በጣም ያነሰ ነው። ከጭቃ በኋላ የሚያብረቀርቀውን ክፍል በጨርቅ መጥረግ፣ ከዛ አልፎ አልፎ አንገቱን በእጅ ፈትቶ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ማጽዳት፣ የሾክ ግሪስ መቀባት፣ መልሶ ማሰር፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ቅባት ማስለቀቂያ ስፕሬይ እንዳትነፉበት፣ ግሪሱን አጥቦ ነው የሚወስደው። ባይኩን ለጥገና ስትሰቅሉትም የሚያብረቀርቀውን ክፍል በማቆሚያው አታስነክሱ፣ አንድ ጭረት የአቧራ መከላከያውን ጎማ ይበላዋል። እና እባካችሁ ኮርቻው ወርዶ እያለ ባይኩን በኮርቻው አታንሱ፣ በኮርቻውም አትስቀሉት፣ ብዙዎቹ ካርትሬጆች ውስጥ ያ መጎተት አየሩን ወደ ዘይቱ ያስገባዋል፣ ከዛ ስትቀመጡበት ኮርቻው ስፖንጅ ይሆናል። ያኔ ካርትሬጁን አውጥቶ አዲስ መክተት ነው፣ ሙሉውን ድሮፐር መጣል አያስፈልግም፣ ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት ካርትሬጁ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ጎማችሁ ጥርሱ አልቆ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጎማ ግዙ፣ የፍሬን ሸራችሁም ካለቀ እንደዛው፣ ድሮፐር የማይዝ ጎማ ላይ ምንም አያድናችሁም። ሜዳ ላይ ብቻ የሚነዳ ሰውም ተራው ቱቦ ይበቃዋል። ፍሬማችሁ 27.2 ከሆነ ምርጫው ጠበብ ይላል፣ የሚወርዱትም ብዙ ጊዜ አጠር ያሉ ናቸው፣ እኔ ብሆን ግን 100ም ቢሆን እገጥመው ነበር።