ለኤፍኢ-5680ኤ ሩቢዲየም ኦሲሌተር የተሠራ አዳፕተር ቦርድ፦ ኃይሉ አሪፍ፣ መብራቱ ጉድ

ያገለገለ ሩቢዲየም ኦሲሌተር፣ ማለትም በአተም እየታረመ በጣም ትክክለኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጭ ዕቃ፣ የገዛ ሰው ቀድሞ የሚገጥመው ጣጣ ዕቃው ራሱ አይደለም፤ ማገናኘቱ ነው። ከቴሌኮም መሣሪያ ተነቅሎ የመጣ ሣጥን ነው። ማኑዋል የለው፣ ገመድ የለው። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኤፍኢ-5680ኤ ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል በሩቢዲየም አተም 6.8347 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ እየተገራ 10 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። ከ10 ቢሊዮን አንድ ክፍል ቢስት እንኳ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 0.001 ኸርዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በሽቦ ጥልፍልፍ አስሮ ጠረጴዛ ላይ መጣል ያሳዝናል። ስለዚህ አንድ በትርፍ ጊዜው ቦርድ የሚነድፍ ሰው ያወጣውን አዳፕተር አዝዤ ሞከርኩት። ስሙን አልጠራም፤ የመጀመሪያ እትሙ ነው፣ የሚመሰገንበትም ብዙ ነው።

ከኃይሉ ልጀምር፣ ምርጡ ክፍል እሱ ነውና። ዕቃው ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ 15 ቮልት ላይ ወደ 2 አምፒር ይጠጋል፤ ሎክ ካደረገ፣ ማለትም ክሪስታሉ ከሩቢዲየሙ ጋር ከተቆለፈ፣ በኋላ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ሲነድፍ የሚያስበው ሁለተኛውን ቁጥር ነው፤ ከዚያ ቀጭን መስመር ይስልና ገና ሲበራ ቮልቴጁ ይወርድበታል። እዚህ ግን የ15 ቮልቱ መንገድ ሰፊ የመዳብ ሜዳ ነው። ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ ቢሰካ የሚዘጋ ፒ-ቻናል ሞስፌት አለው። ፊውዝ አለው። ከፊውዙ ቀጥሎ ደግሞ ድንገተኛ ቮልቴጅ የሚውጥ ዳዮድ ተቀምጧል፣ ይሄ የብልህ ሥራ ነው፤ ፊውዝ ብቻውን የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም። ፊውዙ እስኪቆረጥ ቺፑ ቀድሞ ይሄዳል። 5 ቮልቱን በተራ 7805 ሬጉሌተር (ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት የሚያባክን ማውረጃ ቺፕ) ከ15 ቮልት አውጥቶታል። «ምነው ስዊቺንግ (በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚያወርደውን፣ ብዙ የማያባክነውን) ቢያደርገው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ደግ አደረገ ነው የምለው፤ የሚፈለገው ከ0.1 አምፒር ስለማይበልጥ የሚባክነው ቢበዛ 1 ዋት ነው፣ በምትኩ ንጹሕ 5 ቮልት ይገኛል።

ሶኬቱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በትልቁ ጽፏል፣ ተገቢ ነው። የዕቃው ባለ 9 ፒን ሶኬት፣ ዲቢ-9፣ የድሮ ኮምፒውተር ሲሪያል ሶኬት ይመስላል። ነገር ግን በብዛት በሚገኘው ዓይነት ፒን 1 ላይ 15 ቮልት፣ ፒን 4 ላይ 5 ቮልት ነው የሚገባው። ኬብል አገኘሁ ብሎ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አይከብድም።

አሁን ወደ መብራቱ። «ሎክ» የሚል ትንሽ አረንጓዴ ኤልኢዲ አለ። ዕቃው ሲነሳ ይበራል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ሎክ ሲያደርግ ይጠፋል! ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፒን 3 ሎክ እስኪገኝ ድረስ ወደ 5 ቮልት ይጠጋል፣ ሎክ ሲያደርግ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዲዛይነሩ ያንን ፒን በሬዚስተር አድርጎ በቀጥታ ኤልኢዲው ላይ ለቆታል። ስሙን ቀይሮ «አልቆለፈም» ቢለው ይበቃው ነበር ትሉ ይሆናል። አይበቃም። ኤልኢዲው ጠፍቶ ሲታይ ወይ ሎክ አድርጓል፣ ወይ ኃይል የለም፣ ወይ ዕቃው ሞቷል። በጣም የምንተማመንበት ምልክት ከመሞት ጋር አንድ ዓይነት መልክ ሊኖረው አይገባም። አንድ ፒኤንፒ ትራንዚስተርና ሁለት ሬዚስተር ነበር የጎደለው። በየሰከንዱ አንዴ የሚወጣውን ፐልስ ግን በደንብ አስቦበታል፤ በብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ ፐልሱ 1 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ብቻ ስለሚቆይ ዓይን አያየውም፣ እሱ አርዝሞ ኤልኢዲውን ብልጭ ያደርገዋል። ያን ያሰበ ሰው ይሄን እንዴት ረሳ?

10 ሜጋኸርዙ ከሣጥኑ የሚወጣው 0.5 ቮልት አካባቢ ሳይን ሆኖ ነው። ቦርዱ በባፈር አሳልፎ ለአራት ቢኤንሲ (የሲግናል ገመድ መሰኪያ) ያከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱም የራሱ 50 ኦም አለው። ችግሩ ቦርዱ ላይ ያለው፣ የሚገባውን 24 ቮልት ወደ 15 የሚያወርደው ስዊቺንግ ክፍል ነው። ኢንዳክተሩ ከ10 ሜጋኸርዙ መስመር የአውራ ጣት ጥፍር በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። ሲግናልን በፍሪኩዌንሲ ዘርዝሮ በሚያሳየው ስፔክትረም አናላይዘር ላይ ሳየው፣ ከ10 ሜጋኸርዙ ግራና ቀኝ በስዊቺንጉ ፍሪኩዌንሲ ልክ ርቀው የቆሙ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉ። ለፍሪኩዌንሲ ካውንተር ማመሳከሪያ ከሆነ ምንም አይደል። 10 ሜጋኸርዙን ወደ ማይክሮዌቭ ለሚያባዛ ሰው ግን ጣጣ ነው፤ በ10 ባባዙት ቁጥር ጆሮዎቹ በ20 ዴሲቤል ያድጋሉ። ደግነቱ ስዊቺንጉን ዘሎ 15 ቮልት በቀጥታ የሚያስገባ ጃምፐር አለ። እንደዚያ ሲሰካ ጆሮዎቹ ጠፉ።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ቦርዱ የሣጥኑን ስቲከር ያምናል። በኤፍኢ-5680ኤ ስም የሚሸጠው ዕቃ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ 10 ሜጋኸርዙን በዲቢ-9 ይሰጣል፣ ሌላው በራሱ ኤስኤምኤ (ትንሽ የሲግናል ገመድ መሰኪያ)፤ አንዱ 5 ቮልት ከውጭ ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም። ስቲከሩ ተመሳሳይ ሆኖ የፒን አደራደሩ የሚለይበትም አለ። ለአዲስ ዕቃ የሚነድፍ ሰው ዳታሺቱን አምኖ ፒኖቹን ቢያስር ማንም አይወቅሰውም። ለተነቀለ ዕቃ የሚነድፍ ግን ቢያንስ በየፒኑ መንገድ ላይ በብየዳ የሚዘጋ ጃምፐርና የቴስተር ጫፍ የሚያርፍበት ነጥብ መተው አለበት፣ ገዢው ለክቶ ካረጋገጠ በኋላ እንዲዘጋው። እዚህ አንድም የለም። ቦታ ጠበበኝ እንዳይል ደግሞ ለአርማው የሰጠው ስፍራ ለስድስት ጃምፐር ይበቃ ነበር።

ሌላው ያው ደህና ነው። የሣጥኑ ታች ሳህን ሙቀት ማስወገጃ አልሙኒየም ላይ እንዲታሰር ነጻ ተትቷል። አንድ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ብቻ ከሞቃቱ ግድግዳ ተጠግቷል፤ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ስለሚቀንስ ወደዚያኛው ጠርዝ ቢሄድ ይሻለዋል። ከኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግረው ሲሪያል በማክስ3232 (የሲሪያል ቮልቴጅ አስማሚ ቺፕ) በኩል ምንም ሳያስቸግር ሠራ።

የካውንተር ማመሳከሪያ ብቻ የሚፈልግና ቴስተር ይዞ ፒኖቹን ቀድሞ ለመለካት የማይሰንፍ ሰው ይግዛው እላለሁ። ዕቃ ሰክቶ ወዲያው መጠቀም የሚፈልግ ግን ሁለተኛውን እትም ይጠብቅ። ዲዛይነሩ የኪካድ (የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) ፋይሉን አብሮ ስለሚሰጥ ጃምፐሮቹንና ፒኤንፒዋን ጨምሬ፣ አርማውን አሳንሼ ልኬለታለሁ። አርማው መነካቱን አልወደደም፣ ትራንዚስተሯን ግን ተቀብሏል።