ፒኤንፒኤም ከወራት በኋላ፦ ሃርድ ሊንኩ አስገባኝ፣ ሲምሊንኩ አከረመኝ

ወደ ፒኤንፒኤም (pnpm)፣ ማለትም ለጃቫስክሪፕት ፕሮጀክቶች ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ወደሚጭነው መሣሪያ፣ የገባሁት ዲስኬ ስለሞላ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ኖድ ሞጁልስ፣ ማለትም የላይብረሪ ፎልደር፣ ታቅፎ ይቀመጣል፤ ያው ላይብረሪ፣ ያው ስሪት፣ በየቦታው ተገልብጦ ዲስኩን ይበላል። ፒኤንፒኤም ይህን አስቀራለሁ ይላል። በዲስክ በኩል ቃሉን ጠብቋል። ዛሬ ግን ለምን እንደምጠቀመው ብትጠይቁኝ ስለ ዲስክ ቀድሜ አላነሳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ የጋራ ማከማቻ አለ፣ ስቶር ይባላል። ፋይሎች እዚያ የሚቀመጡት በይዘታቸው ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ በሚሰላ መለያ፣ ነው። አዲሱ የላይብረሪ ስሪት ከአሮጌው የሚለየው በአንድ ፋይል ብቻ ከሆነ፣ ስቶሩ ላይ የሚጨመረው ያቺው አንዷ ናት። ወደ ፕሮጀክት ሲጭን ደግሞ ፋይሉን አይገለብጥም፣ ሃርድ ሊንክ ያደርገዋል።

ሃርድ ሊንክ ማለት ለአንድ ፋይል ተጨማሪ ስም ማውጣት ነው። ዋናና ቅጂ የሚባል ነገር የለም፤ ስሞቹ እኩል ናቸው። አንዱን ብትሰርዙ ፋይሉ በሌላው ይኖራል። ቦታው የሚለቀቀው የመጨረሻው ስም ሲጠፋ ነው። ሲምሊንክ ሌላ ነገር ነው። ራሱን የቻለ ትንሽ ፋይል ሆኖ ውስጡ ያለው አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው ላይ ያለው ነገር ከተነሳ ሲምሊንኩ ሜዳ ላይ ይቀራል። በምትኩ ሃርድ ሊንክ የማይችላቸውን ሁለት ነገሮች ይችላል፦ ፎልደርን ያገናኛል፣ ከአንዱ ፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) ወደ ሌላው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1983 የዩኒክስ ዝርያ ከሆነው ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር ሲመጣ ትልቅ ነገር የነበረውም ለዚህ ነው።

በዓይን ማየትም ይቻላል። እኔ የምሠራው ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ነው። ሁለት ፕሮጀክቶች ያው ላይብረሪ አላቸው። ተርሚናል ላይ የፋይሉን ዝርዝር ከአይኖድ ቁጥሩ (የፋይሉ መለያ ቁጥር) ጋር ሳወጣ፣ በሁለቱም ፕሮጀክቶች ቁጥሩ አንድ ነው። ከፈቃዱ ቀጥሎ ያለው የሊንክ ብዛት ደግሞ 3 ይላል፦ አንዱ ስቶሩ፣ ሁለቱ ፕሮጀክቶቹ። አንዱን ፕሮጀክት ስሰርዝ 2 ሆነ። ቢተርኤፍኤስ በሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ላይ ብትሞክሩት ይህን አታዩም። ፒኤንፒኤም መጀመሪያ የሚሞክረው ሪፍሊንክን (አንዱ እስኪለወጥ ድረስ ቦታ የሚጋራ ቅጂን) ነው፣ እሱ ካልሆነ ሃርድ ሊንክን፣ ሁለቱም እምቢ ካሉ ይገለብጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ያተረፋችሁትን ለማወቅ እያንዳንዱን ፕሮጀክት ለየብቻ መጠን በሚለካው በዲዩ ትእዛዝ ከለካችሁ ምንም ያልተረፈ ይመስላችኋል፤ ሁሉም ሙሉ መጠኑን ያሳያል። አንድ ላይ ለኩ። ዲዩ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ አንዴ የቆጠረውን ፋይል አይደግመውም።

ሌላው የሃርድ ሊንክ ጠባይ ዝምታው ነው። ስቶሩን በቅንብር ሌላ ዲስክ ላይ ካደረጋችሁት፣ ሃርድ ሊንክ ስለማይሻገር ፋይሎቹ ይገለበጣሉ። ሥራው ያለምንም ኮሽታ ያልቃል፤ የመጣችሁለት ቁጠባ ግን የለም። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥም ስቶሩና ፕሮጀክቱ የተለያየ ፋይል ሲስተም ላይ ሲያርፉ የሚሆነው ይኸው ነው።

የባሰም አለ። ላይብረሪ ውስጥ ገብቶ ለሙከራ አንድ መስመር የመጨመር ልማድ ብዙዎቻችን ጋ አለ። ሆን ብዬ ሞከርኩት። አንደኛው ፕሮጀክት ውስጥ ባለው ፋይል መጨረሻ ላይ መልእክት የሚያትም መስመር ጨመርኩ። ሁለተኛውን ፕሮጀክት ሳስነሳ ያው መልእክት ወጣ። አይገርምም፣ ፋይሉ አንድ ነው። ደግነቱ ፒኤንፒኤም ከስቶሩ አውጥቶ ከማገናኘቱ በፊት ይዘቱ መለወጥ አለመለወጡን ስለሚያረጋግጥ፣ የተበላሸው ወደ አዲስ ፕሮጀክት አይዛመትም። ላይብረሪ መነካካት ካለባችሁ ግን ለዚሁ የተሠራ ፓች የሚባል ትእዛዝ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ሲምሊንኩ። ለእኔ የዕቃው ነፍስ እዚህ ናት።

ኖድ ሞጁልስን ስትከፍቱ የምታገኙት ፓኬጅ ጄሰን በሚባለው የፕሮጀክቱ ዝርዝር ፋይል ላይ የጻፋችኋቸውን ብቻ ነው። እነሱም ሲምሊንኮች ናቸው፤ እዚያው ውስጥ ወዳለ ስሙ በነጥብ ወደሚጀምር ስውር ፎልደር ይመራሉ። እውነተኞቹ ፋይሎች፣ ማለትም ሃርድ ሊንኮቹ፣ ያሉት እዚያ ነው። እያንዳንዱ ላይብረሪ በስሙና በስሪቱ የራሱ ክፍል አለው፣ አጠገቡም እሱ የሚፈልጋቸው ሌሎች በሲምሊንክ ተቀምጠዋል።

ለምን ሁሉንም ሲምሊንክ አድርጎ በቀጥታ ወደ ስቶሩ አልላከውም? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ ነበር። መልሱ ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው ኖድ ራሱ ጋ ነው። ኖድ ሲምሊንክ ሲያጋጥመው ተከትሎ እውነተኛው አድራሻ ድረስ ይሄዳል፣ የላይብረሪውን ጥገኞችም (እሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች) መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፋይሎቹ ወደ ስቶሩ ቢያመለክቱ ፍለጋው ከስቶሩ ይጀምር ነበር። እዚያ ደግሞ የትኛው ፕሮጀክት የትኛውን ስሪት እንደሚፈልግ የሚያውቅ የለም። ሃርድ ሊንክ ግን የሚከተሉት አድራሻ የለውም፤ ፋይሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን ሃርድ ሊንክ ያመጣቸዋል፣ ዝምድናቸውን ሲምሊንክ ይሠራዋል። ያለ አንዱ ሌላው አይሆንም።

ጥቅሙን ያየሁት ከሌላ ሰው የተረከብኩትን አሮጌ ፕሮጀክት ወደ ፒኤንፒኤም ሳዛውር ነው። አልነሳም አለ። ሞጁሉ አልተገኘም። የተለመደው ጫኚ ኤንፒኤም ከ3ኛው ስሪት፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ጥገኞችን ከፍ አድርጎ አንድ ላይ ስለሚዘረጋ፣ ያልጻፋችሁትንም ላይብረሪ መጥራት ትችላላችሁ። ፕሮጀክቱ ሌላ ላይብረሪ ይዞት በመጣው ላይብረሪ ላይ ቆሞ ነበር። ያኛው አንድ ቀን ቢተወው ኮዱ አብሮ ይወድቃል። የጎደሉትን አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ተነሳ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን የተደበቀ ዕዳ ነበር። ጥብቅነቱ በዋናነት ለእናንተ ኮድ መሆኑንም እወቁ። ላይብረሪዎቹ እርስ በርስ ያልተጻፈ ነገር ቢጠሩ በስውሩ ፎልደር ውስጥ ያገኙታል። ጎበዝ ማመቻመች ነው ባይ ነኝ፤ አለበለዚያ ግማሹ ላይብረሪ አይሠራም ነበር።

ቅሬታዬም ከዚሁ ከሲምሊንኩ ነው። የማይወዱት መሣሪያዎች አሉ። የሞባይል መተግበሪያ መሥሪያው ሪአክት ኔቲቭ እስከ 0.73 ስሪት ድረስ በዚህ የታወቀ ነበር። መውጫው ኖድ ሊንከር የሚባለውን ቅንብር ሆይስትድ ማድረግ ነው። ያኔ ሲምሊንኩ ቀርቶ አቀማመጡ እንደ ኤንፒኤም ይዘረጋል፣ ፋይሎቹ ግን ከስቶሩ መገናኘታቸውን ይቀጥላሉ። ዲስኩን ታተርፋላችሁ፣ ጥብቅነቱን ታጣላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ሲምሊንክ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ፒኤንፒኤም ጃንክሽን የሚባለውን የፎልደር ማገናኛ ይጠቀማል፤ እሱ ብዙም አያስቸግርም።

ስቶሩ በራሱ አይቀንስም። ፕሩን የሚለው ትእዛዝ የሊንክ ብዛታቸው 1 የሆኑትን፣ ማለትም ከስቶሩ በቀር ማንም የማይጠራቸውን፣ ያወጣል። የኮድ ቅርንጫፍ (ብራንች) እየቀያየራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን አታዘውትሩት። ዛሬ የጠረጋችሁትን ነገ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ።