ያ 20 ሚሊሜትር ሩሳር ሌንስ እንደገና ገበያ ወጥቷል፣ እባካችሁ እንዳትገዙት

በፊልም ካሜራ የምታነሱ ወዳጆቼ፣ በተለይ ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ገዝቼ የመለስኩት ሌንስ ሰሞኑን በቴሌግራም እንደገና ለሽያጭ ቀርቦ ስላየሁ ነው። ፎቶዎቹ ለእኔ ተልከው የነበሩት ራሳቸው ናቸው። «ንጹህ፣ እንከን የሌለው» የሚለው ቃልም አልተለወጠም።

አባቴ የተወልኝ ዞርኪ-4 የሚባል የሶቪየት ፊልም ካሜራ አለኝ። አብሮት ያለው ሌንስ 50 ሚሊሜትር ስለሆነ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል)፣ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ከነሰገነቱ ላነሳ ስሞክር ሁሌም አንዱ ጎን ይቆረጥብኛል። ወደ ኋላ ባፈገፈግኩ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይጋርደኛል። 20 ሚሊሜትሩን ሩሳር ኤምአር-2 የተመኘሁት ለዚህ ነው። በሶቪየት ዘመን የተሠራ፣ ብርሃን የሚያስገባው መክፈቻ ቢበዛ እስከ 5.6 የሚከፈት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ወደ 95 ዲግሪ የሚያይ ትንሽዬ ሌንስ ነው። የነደፈው ሚካኢል ሩሲኖቭ ከአውሮፕላን ላይ መሬት ፎቶ ተነስቶ ካርታ የሚሠራባቸውን ሌንሶች የነደፈ ሰው ነው፤ በካርታ ደግሞ የጎበጠ መስመር አይፈቀድም። በደህና ሩሳር ያነሳችሁት የቤተ መንግሥት ምሰሶ ከፎቶው ዳር ቢቆም እንኳ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሌንሱ ራሱ ድንቅ ነው፤ ጠቡ ከሌንሱ ጋር አይደለም።

ሻጩ አዲስ አበባ ነው ያለው። 38,000 ብር ጠየቀኝ፤ «ቪውፋይንደሩም አብሮ አለ፣ ካልወደድከው በ3 ቀን ውስጥ ትመልሰዋለህ» አለኝ። ገንዘቡን በስልክ ላክሁ፣ ዕቃው በአውቶቡስ መጣልኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ቪውፋይንደሩ፣ ማለትም ስናነሳ የምናይበት መመልከቻ ነበር። የዞርኪም ሆነ የሌላው የሶቪየት ካሜራ የፌድ የራሱ መመልከቻ የሚያሳየው የ50 ሚሊሜትሩን እይታ ብቻ ስለሆነ፣ ለ20 ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ የራሱ መመልከቻ ያስፈልጋል። የመጣልኝ ግን ያ የሚሽከረከረው ባለ አምስት ዓይን ነው፤ 28፣ 35፣ 50፣ 85 እና 135 የተጻፈበት። 20 የለበትም! በ28ቱ እያያችሁ በ20 ስታነሱ ያላያችሁት ሰውና የስልክ ምሰሶ ሁሉ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ስደውልለት «ያው ነው ወንድሜ፣ ሁሉም ይጠቀምበታል» አለኝ። ያው አይደለም። የ20ው መመልከቻ ለብቻው ሲፈለግ ብርቅም ውድም ነው፤ «አብሮ አለ» ሲሏችሁ ቁጥሩ ፎቶ ተነስቶ ይላክላችሁ።

ከዚያ አንድ ጥቅል ፊልም አነሳሁ። እዚህ ላይ ነው የ3 ቀኑ ውል ወጥመድ የሆነው። ፊልሙን ለማሳጠብ አዲስ አበባ መላክ ነበረብኝ፤ ውጤቱ እጄ የገባው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁሉም ፎቶ ላይ የግራው ሲሶ ደብዝዟል፣ ቀኙ ደህና ነው። ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሰፊ ሌንስ አልለመድክም፣ ፎከስ ስተህ ነው።»

ይህን መልስ ማንም እንዳይቀበል እለምናችኋለሁ፤ እኔ ሁለት ሌሊት ራሴን ስጠራጠር አድሬያለሁና። በ20 ሚሊሜትር ፎከስ መሳት ከባድ ነው። መክፈቻውን 8 ላይ፣ ርቀቱን 1.7 ሜትር ላይ ብታደርጉት ከ85 ሴንቲሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፎከስ ብስትም ደግሞ ስህተቱ ግራና ቀኙን እኩል ይነካል እንጂ አንዱን ጎን መርጦ አያደበዝዝም። አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ብዙውን ጊዜ ከሌንሱ መስታወቶች አንዱ ዘሟል ማለት ነው። (አራቱ ማዕዘኖች ትንሽ ጠቆር ቢሉ ግን ሻጩን አትውቀሱ፤ የሰፊ ሌንስ ጠባይ ነው።)

ሌንሱን ከተማችን ውስጥ ለረጅም ዓመት ፎቶ ቤት ለነበራቸው አንድ አባት ወሰድኩላቸው። ጋሼ የስልካቸውን መብራት ከኋላ አብርተው በፊት በኩል ገና እንዳዩት «ልጄ፣ ይሄ ተከፍቷል» አሉኝ። ውስጡ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ነበር። የተወሰነው ተጠርጓል፣ ግን የመስታወቱን ሽፋን በልቶት አልፏል። መስታወቱን የሚይዘው ቀለበት መፍቻ የሚገባበት ቦታ ተፋፍቋል። ሻጋታውን ለመጥረግ የፈታው ሰው ሲገጥመው አዛብቶታል። ሻጩ በላከልኝ ፎቶዎች ሁሉ ሌንሱ ከፊት ብቻ፣ በቀን ብርሃን ነው የተነሳው፤ እንደዚያ ሲሆን ሻጋታ አይታይም። የእኛ አገር ዝናብና እርጥበት ደግሞ የተኛ ሻጋታ መቀስቀስ ያውቅበታል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከኋላ መብራት በርቶበት የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። የኋላውን መስታወትም ለብቻው ፎቶ አስነሱ፤ ሩሳር ወደ ካሜራው ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ያለ ክዳን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ይጫራል። ዕቃው እጃችሁ እንደገባ ፊልም አትጠብቁ። የዞርኪ-4 ጀርባ ይወልቃል፤ ፊልሙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አርክቴክቶች የሚስሉበትን ትሬሲንግ ወረቀት ወጥራችሁ ለጥፉ፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚዘጋውን መጋረጃ) ቁልፉ እስከተጫነ ክፍት በሚያቆየው «ቢ» ላይ አድርጋችሁ ክፍት ያዙት፣ መክፈቻውን 5.6 ላይ ተዉት፣ ከጨለማ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ደማቅ መስኮት ወይም መንገድ ላይ አነጣጥሩ። ምስሉ ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ይታያችኋል። በማጉያ መስታወት ግራና ቀኙን አስተያዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከጋሼ ነው፣ ውሉ ካለፈ በኋላ።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ፦ ዜኒት ለተባለው ሌላ የሶቪየት ካሜራ የተሠሩ የድሮ ሌንሶችም የሚጠመዘዘው ጥርሳቸው ስፋት 39 ሚሊሜትር ስለሆነ ዞርኪ ላይ ይገጥማሉ፣ ግን የተሠሩት ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ 45.2 ሚሊሜትር ርቀት ላለው ካሜራ ነው፤ የዞርኪ 28.8 ነው። ፊቱ ላይ ብራስልስ 1958 የሚል የተጻፈበትን ሚር-1 የተባለ የዜኒት ሌንስ «ለዞርኪ ሰፊ ሌንስ» ብለው ከሸጡላችሁ በትክክል ፎከስ አያደርግላችሁም።

ከብዙ ንትርክ በኋላ ሌንሱን መለስኩ፣ እሱም 20,000 ብር መለሰልኝ፤ ቀሪውን «ለድካሜ» ብሎ አስቀርቶ ስልኬን ዘጋው። አሁን ያ ሌንስ ሳይጠገን እየዞረ ነው። የምትለዩበት ምልክት ይኸውላችሁ፦ ከፊት ቀለበቱ ላይ «20» ከሚለው ቁጥር አጠገብ መፍቻ አምልጦ የጫረው የጥፍር ስፋት የሚያህል መስመር አለ፣ የኋላ ክዳኑ ደግሞ ጥቁር ሳይሆን ቡናማ ነው። ይህን ያየ ሰው ከመክፈሉ በፊት ከታች ይጻፍልኝ፣ የግራው ሲሶ የደበዘዘበትን ኔጋቲቭ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ።